ለቅሶ ቤት የሌለው ሐዘን

መምህሩ፦ አንቺ ሙዚቃ ነው ትያለሽ፤ እኔ ልቅሶ ነው እላለሁ። የአሥረኛ ክፍል ልጆች ኤርፎን ሰክተው የሚሰሙትን እንዲያሰሙኝ ጠይቄ ሰማሁት። አንድ የፈረንጅ ልጅ ቃላቱን እየጎተተ ያላዝናል። ኢሞ ይባላል አሉኝ። ጮቄን እያየ ያደገ የጎጃም ልጅ፣ የማያውቀው አገር ልጅ ብሶት ምን አገባው?

ወጣቷ፦ እርስዎስ ጋሼ፣ ኬኒ ሮጀርስ ሲከፈት አብረው የሚያዜሙት ቴክሳስን ስለሚያውቁት ነው?

መምህሩ፦ ኬኒ ሮጀርስ ያወጋል እንጂ አያላዝንም።

ወጣቷ፦ ይሁን። ኢሞም ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ፓንክ የሚባለውን የጩኸት ሙዚቃ የሚጫወቱ ወጣቶች ነበሩ። ኮንሰርቱ ሁሉ በድብድብ ማለቁ፣ ዘፈኑ ሁሉ ቁጣ ብቻ መሆኑ ሰለቻቸው። ራይትስ ኦቭ ስፕሪንግን የመሰሉ ቡድኖች የጊታሩን ጩኸት እንዳለ ይዘው ስለገዛ ልባቸው መዝፈን ጀመሩ። ስሙን ሌሎች ናቸው የለጠፉባቸው፤ ራሳቸው ፈጽሞ አልወደዱትም።

መምህሩ፦ እሱ ደግ ነው። ከድብድብ ልብን መመርመር ይሻላል። ግን የሰማሁት ጊታር የሚሰብር ጎረምሳ አይደለም፤ እንቅልፍ የተጫነው ልጅ ነው።

ወጣቷ፦ ምክንያቱም ሁለት ጊዜ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ትልቅ ገበያ ሆነ። ማይ ኬሚካል ሮማንስ የሚባለው ቡድን በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ዘ ብላክ ፓሬድ» በካንሰር ስለሚሞት ሰው የሚተርክ አልበም ነው፤ በዓለም ተሸጠ። ጥቁር ልብሱ፣ ግንባር ላይ የተደፋው ፀጉር፣ የተኳለው ዓይን የዚያ ዘመን ነው። ከዚያ ደግሞ ወደ ራፕ ገባ። ሊል ፒፕ፣ ጁስ ወርልድ የሚባሉት ልጆች ያንን የጊታር ዜማ እየወሰዱ፣ ከሥሩ ከበሮ እየጨመሩ ሐዘናቸውን በራፕ አወጡት። ልጆቹ ያሰሙዎት የዚህኛውን ዘመን ነው።

መምህሩ፦ አየሽ፣ የለውጡን ዋና ነገር ዘለልሽው። መጀመሪያ አራትና አምስት ልጆች በአንድ ክፍል ተሰብስበው፣ ፊታቸው ሰው ቆሞ ይጫወቱ ነበር። መጨረሻው አንድ ልጅ ብቻውን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ቀዳው፤ የሚሰማውም አንድ ልጅ ብቻውን አልጋ ላይ ተጋድሞ ነው። በነገራችን ላይ የጠራሻቸው ሁለቱ ልጆች የት ናቸው?

ወጣቷ፦ ሞተዋል። ሊል ፒፕ በ2017፣ ጁስ ወርልድ በ2019 እ.ኤ.አ.። ሁለቱም በመድኃኒትና በዕፅ ብዛት፣ ሁለቱም በሃያ አንድ ዓመታቸው።

መምህሩ፦ እንግዲህ ምን ትያለሽ? መንገዱን የመራው ገደል ገብቶ ሳለ ተከታዩ ደኅና ይደርሳል?

ወጣቷ፦ የገደላቸው ዕፁ ነው። ዕፁን በግጥማቸው ማሞገሳቸውን አልከላከልም፤ እዚያ ላይ እውነትዎን ነው። ግን ሐዘኑና ዕፁ አንድ አይደሉም። ይህ ሙዚቃ በተወነጀለ ቁጥር ሐዘኑ ነው የሚከሰሰው። በ2008 እ.ኤ.አ. አንድ የለንደን ጋዜጣ ኢሞ ልጆችን ወደ ሞት ይገፋል ብሎ ጻፈ፤ አድማጮቹ ደጃፉ ድረስ ሄደው ተቃወሙ። በዚያው ዓመት ሜክሲኮ ኬሬታሮ በምትባል ከተማ ጎረምሶች ተጠራርተው ኢሞ የለበሱ ልጆችን አደባባይ ላይ ደበደቡ። እነዚያን ልጆች የጎዳቸው ዘፈኑ ነው ወይስ ዘፈኑን የጠሉት?

መምህሩ፦ ማንም ይደብደብ አላልኩም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። እኛም እኮ ሐዘን አናጣም። ትዝታ የማንም ሳይሆን የኛ ነው። ካሳ ተሰማ ክራሩን ይዞ ሲቀመጥ ሰው ዝም ይል ነበር። መሐሙድ አለ፤ በዛወርቅ አለች። እኔ በእነዚህ ልጆች ዕድሜ በሸክላ ሙሉቀን መለሰን ሰምቼ አድጌአለሁ።

ወጣቷ፦ ሙሉቀን ደግሞ የዚሁ የጎጃም ልጅ ነው። እናቱን በልጅነቱ አጥቶ አዲስ አበባ የሄደ፣ ገና በአሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ በምሽት ክበብ መድረክ የቆመ ልጅ። እርስዎ በአሥራ ስድስት ዓመትዎ የሰሙት እኮ በአሥራዎቹ ዕድሜ የጀመረ ልጅ ሐዘን ነው። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

መምህሩ፦ ያው ሙሉቀን ዘፈኑን እርግፍ አድርጎ ትቶ ወደ መዝሙር መሄዱንም አትርሺ። በ2016 አሜሪካ ሲያርፍ ዘፈን ካቆመ ስንት ዘመኑ ነበር። ልዩነቱን ከጠየቅሽኝ ግን ይኸውልሽ፤ ትዝታ የሚያዜም ሰው የነበረው ነገር አለ፤ አገር ነበረው፣ ፍቅር ነበረው፣ አጣው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ምን ኖሮት ምን አጣ?

ወጣቷ፦ ምን አጣ? በ2014ቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከ896 ሺህ በላይ ልጅ ተቀምጦ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 30 ሺህ አይሞላም። ከመቶ ሦስት ነጥብ ሦስት ነው። በዓመቱ ደግሞ ከመቶ ሦስት ነጥብ ሁለት ሆነ። ከዚያ በላይ ምን ይጣ? ከነሐሴ 2015 ወዲህ በዚህ በአማራ ክልል በግጭቱ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ልጅ ቁጥሩ በሚሊዮን ነው። አሥረኛ ክፍል መድረስ የነበረበት ስምንተኛ ላይ ቀርቷል። ይህን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል፤ ስም የሚጠሩት እርስዎ ነዎት።

መምህሩ፦ አውቀዋለሁ። የማይመልሱ ስሞችም ጠርቻለሁ። ማጣታቸውን እቀበላለሁ፤ ያን ቃሌን አንሺልኝ። ነገር ግን ማጣቱ እውነት ከሆነ አያያዙ ይበልጥ ያሳስበኛል። በእኛ አገር ሐዘን ሥርዓት አለው። ሰው ሲሞት ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል። አልቃሿ ግጥም ታወርዳለች፣ ታስለቅስሻለች፤ መች እንደምትበቃም ታውቃለች፤ ስትበቃ ሰው ፊቱን ይታጠባል፣ ይበላል፣ ወሬ ይጀመራል። ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። እያንዳንዱ «እስከዚህ አልቅስ፤ ከዚህ ወዲያ ተነሥ» ይላል። ዘፈኑም ቢሆን አቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀን ይቆማል፤ በገና ይተካዋል። የልጆቹ ስልክ ግን አርባ የለው፣ ሰማንያ የለው። አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ማሽኑ «ይህን ከወደድክ ይኸው የባሰ» ብሎ ሌላ ይሰጠዋል። ዜማውን አዘግይተው፣ ጭጋግ አልብሰው የሚለቁትስ? ሐዘን አንሶት ነው?

ወጣቷ፦ ይህ ከባዱ ክርክርዎ ነው፤ አላቃልለውም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ፈተና ለወደቀ ልጅ እዝን የሚያመጣለት ማን ነው?

መምህሩ፦ ማንም።

ወጣቷ፦ ፍቅረኛዋ ለተለያት ልጅ፣ ያውም እናቷ ፍቅረኛ መያዟን ሳታውቅ፣ አልቃሽ ይጠራላታል? አባቱ ሥራ አጥቶ ማታ ማታ ለሚጣላበት ልጅ ስንተኛው ቀን ነው አርባው? የኛ ሥርዓት ለሞት የተሠራ ነው፤ ለሞት ደግሞ ወደር የለውም። ለቀረው ሐዘን ለቅሶ ቤት የለም። ሰው እየኖረ ለሚያጣው ነገር ሁሉ «ቻለው» ነው የምንለው። ልጁ መቀመጫ ሲያጣ ኤርፎን ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

መምህሩ፦ እህ... «ቻለው» ማለትም እኮ ዋጋ አለው። የኔ ትውልድ በእሱ ነው የቆመ።

ወጣቷ፦ ቆማችሁ ነው ወይስ አሟችሁ ደብቃችሁት ነው? ደግሞ ሐዘን ሁልጊዜ ከሰው ጋር ነበር ያሉትም አይዋጥልኝም። ሌሊት ተነሥታ እህል የምትፈጨው ሴት ከወፍጮው ሌላ ማን ሰማት? የሴቶቻችን እንጉርጉሮ ግማሹ የተወለደው እዚያ ነው። ዋሽንቱን ይዞ ተራራ ላይ የሚውለው እረኛስ? እሱም የአሥራዎቹ ልጅ ነው፤ እሱም ብቻውን ነው።

መምህሩ፦ አሁን ወደ እኔ መጣሽ። የምትፈጨው ሴት የገዛ አማቷን፣ የገዛ ባሏን፣ የገዛ ድካሟን ነው በገዛ ቃሏ የምታንጎራጉረው። እረኛውም ዜማውን ራሱ ይፈጥረዋል። የኛ ልጅ የሚሰማው ግን የተሠራ ሐዘን ነው፤ ቃሉ የሌላ፣ ምክንያቱ የሌላ፣ አለባበሱ ሳይቀር የሌላ። የምፈራው ሐዘኑን እንዳይገልጽበት አይደለም፤ የሌለውን ሐዘን እንዳይማርበት ነው። በውሰት ልብስ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ታያለሽ፤ የውሰት ሐዘን ይዞ ዕድሜውን የሚጨርስ ግን ያስፈራኛል።

ወጣቷ፦ እርስዎ አማርኛ ነው የሚያስተምሩት፣ ቅኔ ቤትም ደርሰዋል። የቆሎ ተማሪ ዕድሜው ስንት ነበር?

መምህሩ፦ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት። ከዚያም ያነሰ ነበር።

ወጣቷ፦ ከእናቱ ተለይቶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ውሻ እየነከሰው በየደጁ የሚለምን ልጅ። ዋሸራ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ የሞሉት በእነዚህ ልጆች ነበር። ታዲያ የመጀመሪያው ቀን የራሱን ቅኔ ዘረፈ?

መምህሩ፦ የለም። መጀመሪያ የሌላውን ይሰማል፤ ይቀጽላል፤ መንገዱን ያጠናል። ጉባኤ ቃና ሳይቆጥር ማን ያዘርፈዋል!

ወጣቷ፦ እንግዲያስ መዋስ የመማሪያው በር ነው። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲጫወት ተዋሰ አላሉትም። ጂጂ ቻግኒ ተወልዳ፣ የጎጃምን ዜማ ይዛ ከቢል ላስዌል ጋር አሜሪካ ስትቀዳ፣ ከዓመታት በኋላ ያው ሰው ለጃኖ ባንድ የሮክ አልበም ፕሮዲውሰር ሲሆን፣ እኛ ኩራት ነው አልን።

መምህሩ፦ እነሱ የሚፈጥሩ ናቸው። የሚያዳምጥና የሚፈጥር አንድ አይደለም። የቅኔ ተማሪውም ቢሆን መምህር አለው፤ ሲያጠፋ «ተመለስ» የሚለው። ቅኔው ቤት መምታት፣ ልክ መጠበቅ፣ ሰምና ወርቁ መገጠም አለበት። ሐዘኑን ቅርጽ ሲያስይዘው ሐዘኑ ይገራል። እነዚህ ልጆች ማን ይገራቸዋል?

ወጣቷ፦ ጥያቄው ልክ ነው። ግን መልሱ ዘፈኑን መንጠቅ አይመስለኝም። ይህን ነገር ያጠኑ ሰዎች አሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. ታሩፊና ኮልሽ የሚባሉ የበርሊን ተመራማሪዎች ከተለያየ አገር የተውጣጡ ሰዎችን አሳዛኝ ሙዚቃ ሲሰሙ ምን እንደሚሰማቸው ጠየቁ። በብዛት የተጠቀሰው ሐዘን አልነበረም፤ ናፍቆት ነው፣ ያለፈውን ማስታወስ።

መምህሩ፦ በርሊን ድረስ ሄደው ትዝታን አገኙት በይኛ! እኛን ቢጠይቁን ኖሮ በክራር አንድ ጊዜ ከርከር አድርገን እንነግራቸው ነበር።

ወጣቷ፦ ይሳቁ ብዬ ነው ያመጣሁት። ቁም ነገሩ ግን አለ። ብዙ ሰው አሳዛኝ ዘፈን ሲሰማ አይሰበርም፤ ይረጋጋል፣ «እኔን የሚያውቅ ሰው አለ» ይላል። ለጎረምሳ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በተለይ ለወንዱ። እኛ ወንድ ልጅ ሲከፋው ፉከራና ቀረርቶ ነው የሰጠነው፤ ሐዘኑን ጀግንነት ካላለበሰ አይወጣም። «አልቻልኩም» የሚል ወንድ በዘፈን መስማት ለአንዳንዱ ልጅ የመጀመሪያው ነው።

መምህሩ፦ የጎጃም ወንድ አያለቅስም ያለሽ ማነው? ለቅሶ ላይ ደረቱን እየደቃ፣ ጋቢውን መሬት ጥሎ ያለቅሳል። ሐዲስ ዓለማየሁ ከእንዶዳም ተነሥተው በ1958 ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ማንን አላስለቀሰም? ባለታሪኩ በዛብህ የቅኔ ተማሪ ነው፣ ወንድ ነው፣ በፍቅር ነው የተቃጠለው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው አባወራው ሁሉ ዓይኑን ያብስ ነበር።

ወጣቷ፦ ታዲያ ያን ጊዜ «ይህ መጽሐፍ ወጣቱን ያበላሻል፣ ፍቅር እስከ መቃብር ብሎ ሞት ያስተምራል» ያለ አልነበረም?

መምህሩ፦ መጽሐፉ ገጽ አለው፤ ያልቃል። ሬዲዮውም ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ዜና ይሄዳል፤ ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ ነው የሰማው። አሁንም እዚያው ነኝ፤ የማያልቅና ብቻን የሚሰማ ሐዘን ነው ያስፈራኝ። ደግሞ ከተመራማሪዎችሽ የሚጥመኝን ብቻ አትንገሪኝ። የሚጎዳው የለም ነው የሚሉት?

ወጣቷ፦ አይሉም። አውስትራሊያ ውስጥ ጋሪዶና ሹበርት ያጠኑት ሌላውን ገጽ ያሳያል። ያንኑ ሐሳብ ደጋግሞ የማብሰልሰል ጠባይ ያለው ሰው፣ አሳዛኝ ዘፈን ሲሰማ አይቀለውም፤ ይብስበታል። እሱ ግን ይቀለኛል ብሎ ነው የሚሰማው።

መምህሩ፦ ይህን ነበር ስጠብቅ የቆየሁት! እንግዲህ አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ አለ። ሁሉም ኤርፎን ሰክቷል። የሚቀለውን ከሚብስበት በምን ትለይዋለሽ?

ወጣቷ፦ በዘፈኑ አልለየውም፤ በሌላው ኑሮው እለየዋለሁ። እንቅልፉ ከጠፋ፣ ምግብ ከተወ፣ ኳስ ይወድ የነበረው ሜዳ ካልወረደ፣ የሚወደውን ዕቃ ለጓደኛ ማደል ከጀመረ፣ ስለ ሞት በቀልድም ቢሆን ካነሣ፣ ያን ጊዜ የሙዚቃ ጉዳይ አይደለም። ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል።

መምህሩ፦ ወላጅ ጠበል ነው የሚወስደው።

ወጣቷ፦ ጠበልም ይሂድ፤ ሐኪምም ይየው። ማንም ማንን አይከለክልም። አባቱ ስልኩን ሰብሮ «ዳነልኝ» ካለ ግን ልጁን ሳይሆን ምልክቱን ነው ያጠፋው።

መምህሩ፦ ስለ ማሽኑ ግን አልመለስሽልኝም።

ወጣቷ፦ የማሽኑን ነገር እኛው ክልል ውስጥ አይተነዋል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ቲክቶክም ዩቲዩብም አልነበረም። «የባሰ ይኸው» የሚል ማሽን የለም። ልጆቹ ምን አደረጉ? ሚሞሪያቸውን ይዘው ዘፈን የሚጭን ሱቅ ሄዱ። ያለውን ዘፈን ደጋግመው ሰሙ፤ አንዱን ኤርፎን ለሁለት፣ አንድ ጆሮ ለአንተ አንድ ጆሮ ለኔ እየተባባሉ። ኢሞውም ትዝታውም በገናውም አንድ ፎልደር ውስጥ ተቀላቅሎ ነበር።

መምህሩ፦ ያን ጊዜ ሐዘናቸው ቀነሰ?

ወጣቷ፦ አልቀነሰም። ያ ነው ነጥቤ። ማሽኑ ተዘግቶ ሐዘኑ ካልቀነሰ፣ ሐዘኑን የሚያመርተው ማሽኑ አይደለም።

መምህሩ፦ እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ሰማሁበት። ማሽኑ ሲዘጋ አንድ ኤርፎን ለሁለት ሆነ አልሽ። ሐዘኑ ባይቀንስም ጓደኛ አገኘ። እኔ ከመጀመሪያው ከዚህ ሌላ ምን አልኩ?

ወጣቷ፦ እሱን ልስጥዎ። ግን ጓደኛ ያገናኘው ያው ዘፈን መሆኑን ይስጡኝ።

መምህሩ፦ ሰጠሁ። ሆኖም ከሰጠሽኝ ይልቅ ያልሰጠሽኝ ይከብደኛል። ብቻውን ሆኖ የሚያብሰለስለው ልጅ፣ አንድ ጆሮ የሚሰጠው ጓደኛ የሌለው እሱ ነው። ያንቺ ዘፈን ጓደኛ ላለው መድኃኒት ነው፤ ለሌለው ግን እስክንደርስለት የሚያቆየው ይሁን የሚያሰምጠው፣ ያንቺም ተመራማሪ የኔም ሥርዓት አይነግረኝም።

ወጣቷ፦ እስክንደርስለት ካሉ ቀድመን እንድረስለታ። እንዲያው ልፈትንዎት፤ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ በእርስዎ ክበብ ሥር ነው። ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ይህንን ሙዚቃ እንክፈት ብለው ቢጠይቁዎት ይፈቅዳሉ?

መምህሩ፦ ዕፅ የሚያሞግሰውን አልፈቅድም። ሌላውን መጀመሪያ ግጥሙን አማርኛ አድርገው ያምጡልኝ፤ ቤት የመታ ትርጉም ይሁን፣ አርማለሁ። ከዚያ በድምፅ ማጉያው ይከፈት። ግቢው ሁሉ ይስማው፤ የሚስቅም ይሳቅ፣ የሚከፋውም ይክፋው። ደወሉ ሲደወል ይዘጋል።

ወጣቷ፦ በአቢይ ጾምስ?

መምህሩ፦ በአቢይ ጾም አይሆንም።